የጋሽ ይመር ግመል አምስተኛ እግር

በቀደም አንዲት ነርስ ሰላሜን ነስታኝ ሰነበተች። በመርፌ አይደለም፤ በጥያቄ። እናንተ ብትሆኑ ሰምታችሁ ታልፉት ይሆናል። እኔ ግን አፈጣጠሬ ሆኖ ነገር ካልገባኝ የበላሁት አይረጋልኝም። ሰይድ እባላለሁ፣ ከሚሴ ውስጥ ሞባይል ስጠግን የምውል ሰው ነኝ፤ የተዘጋ ነገር ሳይ እጄ መፍቻ ፍለጋ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቄ አጠገብ አንድ ሻይ ቤት አለ። እዚያ ውስጥ በሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ አሮጌ በር አለ። በሩ ላይ የጨፋ ሜዳ ተስሏል። የቦርከና ወንዝ መሀሉን አቋርጦ ይወርዳል፤ ረግረጉ አለ፣ ማሽላው አለ፣ ዳር ዳሩን ተራሮቹ አሉ። እኛ እሱ ላይ እንዋጋለን። አትሳቁ! ጨዋታው "ዘመቻ" ይባላል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሰባት ሰባት አውሬ አለው፤ የሻይ ብርጭቆ አፍ በምታክል ክብ እንጨት ላይ የተሳሉ። ቀድሞ ወንዙን ተሻግሮ የሌላውን ሰፈር የያዘ አሸነፈ። ያው ጦርነት ነው፤ ልዩነቱ፣ ሲያልቅ ሁለቱም ጦር አንድ ላይ ተነስቶ ሶላት ይሄዳል።

በሩንም አውሬዎቹንም የሳሉት ጋሽ ይመር ናቸው። ድሮ የከተማውን የሱቅ ታፔላ ሁሉ ይሠሩ የነበሩት ሰዓሊ። እኚህ ሰው ደግሞ በዓይን የሚታየው ነገር ብቻ አይበቃቸውም። ክንፍ ያለው በሬ ሳሉ። የዓሣ ጅራት ያለው አንበሳ ሳሉ። ቀንድ ያበቀለ ጅብ ሳሉ። ሕግ ግን አልጻፉም። ታዲያ ሕጉ ከየት መጣ? ከስዕሉ ነዋ! ክንፍ ካለህ ወንዙን ትዘላለህ፤ ከሌለህ በድልድዩ ትዞራለህ። ቀንድ ካለህ ትገፋለህ። ጅቡ ዓይኑን ጨፍኖ ስለተሳለ አንድ ዙር ሄዶ አንድ ዙር ይተኛል። እርምጃም በእግር ቁጥር ነው፤ አራት እግር ያለው አራት ስንዝር ይሄዳል። ስንዝሩም የማንም ስንዝር አይደለም። ጋሽ ይመር መዳፋቸውን ዘርግተው የለኩት ዱላ አለ፤ የባቲና የሰንበቴ ተጫዋቾችም የየራሳቸውን ዱላ ከእሱ ለክተው ነው የቆረጡት። አሁን ወጣቶቹ በኮምፒውተር አሳምረው አዳዲስ አውሬ ያትማሉ፤ መድፍ የተሸከመ ዝሆን ሁሉ መጥቷል። የጅቡን ዓይን የሚገልጥ ደፋር ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ግመሏ ግን አምስት ስንዝር ትሄዳለች። ለምን? አምስት እግር አላታ! ሰላሳ ዓመት ስጫወት እግሯ ለምን አምስት ሆነ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም፤ ወላሂ። ሲስተር ትዕግስት የምትባል ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የተዛወረች ነርስ ሻይዋን ይዛ ቆማ ስታየን ቆየችና፣ "ይቺ ግመል ለምንድነው አምስት እግር ያላት?" አለች።

ከዚያማ ተንጫጫን። አንዱ አምስተኛው እግር የልጇ ነው፣ ልጇ ከኋላዋ ተደብቆ ነው አለ። ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህራችን የአምስቱ ወቅት ሶላት ምሳሌ ነው ብሎ ሲምል፣ "አስተግፊሩላህ፣ ሶላትን ከግመል እግር ምን አገናኘው!" ብለው ጮኹበት። ሌላው ደግሞ እየሮጠች ስለተሳለች ነው፣ ሲሮጡ እግር ይበዛል አለ። ይሄ እንኳ ደህና ነበር። ሲስተር ትዕግስት ሁላችንንም ሰምታ ስታበቃ፣ ሰዓሊው በሕይወት የሉም ወይ፣ ለምን ሄዳችሁ አትጠይቋቸውም አለችን።

ምን ብለን እንንገራት? ጋሽ ይመር አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ያቺን ግመል ሰጥተውን ከወጡ ወዲህ ሻይ ቤቱን ረግጠውት አያውቁም። በዚያ ማለፍ ካለባቸው እንኳ መንገዱን ተሻግረው በወዲያ ማዶ ነው። አንድ ጊዜ ግመሏን መልሱልኝ ብለው ሰው ልከው ነበር፤ ባለ ሻይ ቤቱ ለባቲዎች ሊሰጡብን ነው ብሎ እምቢ አለ። እኛም "ኩሩ ናቸው፣ እንዲህ ያለ ሰዓሊ ከኛ ጋር ምን ይሠራል" ብለን ተውናቸው።

እኔ ግን አላስቻለኝም። በማግስቱ ሱቄን ቆልፌ ጨፋ ዳር፣ ከልጃቸው ከዘይነባ ጋር ወደሚኖሩበት ቤት ወረድኩ። አካም ጅርቱ፣ ነጋ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱስ፣ ማሽላውስ እያልን እንደ ወጉ ብዙ ቆየን። ከዚያ ጥያቄዬን አወጣሁት። ምነው ባላወጣሁት! ፊታቸው ባንድ ጊዜ ጠቆረ።

"ሳቁ ላንተም ደረሰህ?" አሉኝ።

"የምን ሳቅ ጋሼ?"

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ግመሏን ሲስሉ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። እግሮቿ ላይ እንደደረሱ አንድ የሰንበቴ ሰው "አሰላሙ አለይኩም" ይላቸዋል። ሰላምታ ደግሞ በኛ አገር ቀልድ አይደለም። ብሩሻቸውን አስቀምጠው ተነሱ። ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ ስለ ላማቸው ተጠየቁ፣ የታመመ ሰው ስም ተነሳ፣ ዱዓ ተደረገለት። በአማርኛ ጨረሱ። ኋላ ሰውዬው በእናታቸው በኩል ዘመድ ሆኖ ተገኘና በኦሮምኛ እንደ አዲስ ጀመሩ። ተመልሰው ሲቀመጡ የትኛውን እግር እንደሳሉ፣ የትኛው እንደቀራቸው ጠፋባቸው።

"አንድ ይጎድላል ብዬ ጨመርኩ" አሉኝ። "ሳልቆጥር ይዤላችሁ መጣሁ። እናንተ ቆጠራችሁ።"

ሻይ ቤቱ ውስጥ አንዱ "አምስት እግር!" ብሎ ይጮሃል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ጋሽ ይመር አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ቤት ሳቅ በሰሙ ቁጥር በኔ ነው የሚስቁት እያሉ ሰላሳ ዓመት መንገድ ተሻገሩ።

ያን ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ። ሳቁንም አስታውሳለሁ። የሳቅነው እኮ በደስታ ነው! በሌሎቹ አውሬዎች ስንጫወት ከርመናል፤ አምስት ስንዝር የሚሄድ አውሬ ግን ከየት አባታችን አይተን! ይህን ነገርኳቸው፤ ማልኩላቸው። እሳቸው እጄን መታ መታ አድርገው፣ "ልታጽናናኝ ነው፤ አላህ ይስጥህ" አሉኝ። ከዚያ አንድ ልመና ለመኑኝ። ዓይናቸው እየተጋረደ ነው። ጭራሽ ሳይጋረድ ግመሏን ላምጣላቸውና ያቺን ትርፍ እግር ይፋቋት። አለዚያ ሲሞቱ "እግር መቁጠር የማይችል ሰዓሊ" ተብለው ሊቀሩ ነው።

እኛ ኩሩ ስንላቸው ሰውዬው ለካ በሃፍረት ሲቃጠሉ ኖረዋል! ግን ደግሞ እግሯ ከተፋቀች ዘመቻው አለቀለት፤ ያውም አርብ ከጁምዓ በኋላ ባቲዎች ሊመጡብን። መፋቁ ይቅር፣ አዲስ ይሳሉና ራስዎ ይዘው ይምጡ አልኳቸው። ዘይነባ ከደጃፉ ላይ ሆና፣ "አባዬ፣ እስቲ ይሂዱ። እስከ መቼ መንገድ ሲሻገሩ ይኖራሉ?" አለቻቸው።

አርብ ጋሽ ይመር መጡ። ኮታቸው ተተኩሷል፣ የቀለም ዕቃቸውን በፌስታል ይዘዋል። ሻይ ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። ሲስተር ትዕግስት ወንበሯን ለቀቀችላቸው። እሳቸው ማንንም ቀና ብለው አላዩም፤ ከመሀረባቸው ውስጥ አዲሷን ግመል ፈትተው በሩ ላይ አስቀመጧት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

ሱብሃነላህ! ምን ዓይነት ግመል ናት! የሽፋሽፍቷ ጸጉር ይቆጠራል፤ ከንፈሯ አሁን የምታመሰኳ ነው የሚመስለው። አራት እግሮቿ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የባቲ ተጫዋቾች አለቃ ሁሴን ነበር ያነሳት። ሁሴን የግመል ነጋዴ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ግመል ሲገዛ፣ ግመል ሲሸጥ፣ በግመል ሲረገጥ ነው የኖረው። ወደ ብርሃኑ ወስዶ ሦስት ጊዜ "ማሻ አላህ" አለ። ከዚያ በጣቱ እግሮቿን ቆጠረ። ደገመ። ፊቱ በሐዘን ተሞላ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፤ ግን የገበያ ሰው ሹክሹክታ ምን ሹክሹክታ ነው፣ ቤቱ በሙሉ ሰማው።

"ያ ሰይድ፣ የጋሼ ዓይን ደክሟል መሰለኝ። አንዷን እግር እኮ ረስተዋታል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ጋሽ ይመር ቀና አሉ። ሁሴን መሰማቱ ሲገባው ደነገጠና፣ ያበጀ መስሎት የራሱን ከረጢት በሩ ላይ ገለበጠው።

"አይዘኑ ጋሼ፣ ከዚህች አይተው ይጨምሩላት" አለና የባቲን ግመል ፊታቸው አኖረ።

አንስተው ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ቆጠሩ። አምስት። "ይቺን ማን ሳላት?" አሉ። "አባቴ ናቸው፤ ከርስዎ አይተው" አለ ሁሴን። ጨዋታውን ለማየት የመጡት የሰንበቴ ሰዎችም የራሳቸውን አመጡ። አምስት። ወጣቶቹ ያተሟትን አቀበሏቸው። አምስት። ጋሽ ይመር ሁሉንም በተራ በጥፍራቸው እየነኩ ቆጠሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቅሳሉ ብዬ ልደግፋቸው ተነሳሁ። ለካ እየሳቁ ነው! እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ቤቱም አብሯቸው ሳቀ። እሳቸውም ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው፣ "ብሩሹን አቀብለኝ" አሉኝ። አቀበልኳቸው። አምስተኛዋን እግር ሲስሉ እጃቸው ቀጥ አለ። ጨርሰው ለሁሴን ሰጡት። ዕድሜውን ሙሉ ከግመል ጋር የኖረው ሁሴን ራቅ አድርጎ አያት፣ አቅርቦ አያትና በረጅሙ ተነፈሰ።

"አዎ" አለ፤ "አሁን ገና ግመል መሰለች።"