ሁለቴ የሚመታ እጅ

ሰው የሚያረጀው በጉልበቱ ነው የምትሉ ሁሉ ተሳስታችኋል። ሰው የሚያረጀው በጣቱ ነው። ጉልበት ሲደክም ቁጭ ይላል፣ ያርፋል፣ ማንንም አይጎዳም። ጣት ግን የለመደውን እንደያዘ ይቀራል፤ ጡረታ ወጥተሃል ብትሉት አይሰማም። የእኔ ጣቶች ባለፈው ዓርብ የገዛ ልጄን ሠርግ ሊያበላሹ ምን ያህል እንደቀራቸው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

እንደምታውቁኝ ሸማኔ ነኝ... ነበርኩ ልበል። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብላ ባለችው ቤቴ፣ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ አርባ ዓመት ሸምኛለሁ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ላይ የቆመ ነው፤ ሽመናውን ግን አባቴ አጥብቆ አስተምሮኛል። እሱ ዘንድ ማግ ከተወረወረ በኋላ ሁለቴ ይመታል። አንዴ ብቻ ከመታሁት ሸማውን ወደ ብርሃን ያነሳና፣ "ይሄ ጋቢ ነው ወይስ ወንፊት?" ይለኛል። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ ሁሉ ነገሬ ሁለቴ ነው። በር ሁለቴ አንኳኳለሁ። መብራት ላጥፋ ብዬ ማብሪያውን ሁለቴ እጫነዋለሁ፤ ስለዚህ የእኛ ቤት መብራት ከሰፈሩ ጋር አብሮ ካልጠፋ በቀር በእኔ እጅ ጠፍቶ አያውቅም።

ትልቋ ልጄ ማርታ እዚሁ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የሠርግ ሙዚቃ ትሠራለች። የምትሠራበት ፕሮግራም ትራከር ይባላል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደንግጬ ቆምኩ። ዘፈኑ ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ተጽፏል። ከበሮው አንድ ዓምድ፣ ክራሩ አንድ ዓምድ፣ ዋሽንቱ አንድ ዓምድ ይዘው ጎን ለጎን ቆመዋል። ሲጫወት መስመሩ ሁሉ ወደ ላይ እየተጠቀለለ ይሄዳል።

"ማርታ፣ ይሄ እኮ ሸማ ነው" አልኳት። "ዓምዱ ድር፣ መስመሩ ማግ።"

"እኔ ይሄን ለመረዳት ስድስት ወር ፈጅቶብኛል፣ አባባ" አለችና ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገቧ ወንበር ተሰጠኝ። ጥቂት ቁልፎችም አስተማረችኝ። ኮንትሮልን ይዤ ኤልን ስጫን የቆምኩበት ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ይቀባል፤ ተመረጠ ማለት ነው። ዲሊት ስል የተመረጠው ይጠፋል። ኮንትሮልን ይዤ ኤስ ስል ደግሞ ሥራው ይቀመጣል። "ሴቭ ማድረግ እንዳይረሱ" ትለኛለች ሁልጊዜ።

"ኤልን ግን አንዴ ብቻ ነው፣ አባባ። ከደገሙት ዓምዱን ትቶ ገጹን በሙሉ ይመርጠዋል።"

"ገባኝ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ገባኝ፣ ገባኝ።"

ይሄንንም ሁለቴ ነው ያልኩት። ያኔ ልብ ብትል ኖሮ...

እንግዲህ ታናሿ ልጄ ሕይወት እሑድ ልታገባ ነው። ማርታ ለእህቷ መግቢያ የሚሆን ዜማ ወር ሙሉ ለፍታበት ጨርሳለች። አጭር ስለሆነ አንድ ገጽ ላይ ነው ያለው። ዲጄው ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ሊወስደው ተቀጣጥረዋል። ዜማው፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምራል፤ ዓይኔን በጋቢዬ ጫፍ ጠርጌያለሁ። መሀሉ ላይ ግን አንድ ጡሩምባ አለ። ሁሉም ለስለስ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ጡ-ጡ-ጡሩሩ ይላል። ጥሩ ጥበብ ቀሚስ ላይ የተንጠለጠለ ክር ያየሁ ያህል ነው የከበደኝ። ልጄ ረጋ ብላ እየተራመደች ስትገባ ይሄ የአህያ መንጃ ድምፅ ምን ይሠራል?

"ጡሩምባው ይቅር" አልኳት ማርታን።

"ሕይወት ወዳዋለች" ብላ ዘጋችኝ።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱ እህትማማቾች ቀሚሱን ከልብስ ሰፊዋ ሊያመጡ ወደ ገበያው ወረዱ። ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነው። እኔና ጡሩምባው ብቻችንን ቀረን።

ሸማኔ የተንጠለጠለ ክር እያየ ቁጭ ማለት አይችልም፤ ይሄን ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ማንንም ጠይቁ። አንዷን ዓምድ ባወጣት ማን ያውቃል አልኩና የጡሩምባው ዓምድ ላይ ቆምኩ። ኮንትሮልን ያዝኩ። ኤልን... መታሁት። ሁለቴ። እጄ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም። ገጹ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆነ። እኔ ደግሞ ሰማያዊውን ሳይ፣ እሺ፣ ተመርጧል ብዬ ረካሁ። ዲሊት፣ ዲሊት። ከዚያም እንደታዘዝኩት ሴቭ፣ ሴቭ።

መነጽሬን አስተካክዬ ሳይ ከበሮ የለም፣ ክራር የለም፣ ዋሽንት የለም። ከላይ እስከ ታች የባዶ ቦታ ነጥብ ብቻ።

ሌላ ነገር እንዳይነኩ ብዬ ሁለቱንም እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። አንዱን እጅ መፍታት ግድ ሆነ።

"አባባ፣ ሁሉ ሰላም ነው?" ማርታ ናት።

"ሰላም ነው። ጸጥ ብሏል።"

"ዲጄው መጣ እንዴ?"

"አልመጣም። ቢዘገይም አይከፋኝም።"

"ለምን?"

"ሻይ ልጠጣ ብዬ..."

ሻይ አልነበረኝም። እነሱ ሲገቡ እንኳ ከወንበሩ አልተነሳሁም። ማርታ ገጹን አየች። ይህቺ ልጅ ስትናደድ አክብሮቷ ይጨምራል፤ ከአባባ ወደ ጌታዬ ትሻገራለች።

"ጌታዬ፣ ይሄን ነገር ነክተውት ይሆን?"

"ጡሩምባውን ብቻ ነበር ያሰብኩት።"

"ኤልን ስንቴ ተጫኑት?"

"አታውቂኝም?"

"ሴቭስ አድርገዋል?"

"አንቺ አይደለሽ እንዳይረሱ ያልሽኝ?"

"እሱንስ ስንቴ?"

ከጭኔ ሥር ሁለት ጣት አወጣሁላት።

ማርታ ኮንትሮልን ይዛ ዜድን ተጫነች። የመጨረሻውን ሥራ የሚያፈርስ፣ የጠፋውን የሚመልስ ቁልፍ ነው አሉ፤ ለእኔ ገና አላስተማረችኝም ነበር። አንዴ ተጫነች። ነጥቡ እንደ ነጥብ ቀረ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። ሕይወት ቀሚሷን እንደታቀፈች አልጋው ላይ ዘጭ አለች።

"በቃ፣ በዝምታ እገባለኋ" አለች። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ነው ያለችው።

"ማርታ" አልኳት፣ "አንዴ እኮ ነው የመታሽው። ድገሚው።"

"አባባ፣ ይሄ ሽመና አይደለም።"

"እሺ አይሁን። እኔ ግን ዲሊትን ሁለቴ ነው የመታሁት። ሁለቴ የተመታ በአንዴ ይፈታል?"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ደገመችው።

ከበሮው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ ግር ብለው ተመለሱ። የመጀመሪያዋ ምት የፈታችው፣ ባዶውን ገጽ እንደገና ያጠፋሁበትን ሁለተኛውን ዲሊት ነበር ለካ። ጡሩምባውም አብሯቸው መጥቶ ቦታው ላይ ቆሟል። ማርታ ወዲያው ሴቭ አደረገች። ሁለቴ አደረገችው፤ አይቻታለሁ።

"ጡሩምባው ግን ምን አድርጎዎት ነው?" አለች ሕይወት፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

"ለሙሽራ አይሆንማ። ከየት ነው ያመጣችሁት?"

ሁለቱ ተያዩ። ሕይወት እጇን ጨበጠችና አፏ ላይ አድርጋ ነፋችው፤ ጡ-ጡ-ጡሩሩ።

"ልጆች ሆነን ለትምህርት ቤት ሲቀሰቅሱን በእጅዎ ይነፉት የነበረው ነዋ። እሱ ከሌለበት አልገባም ያልኳት እኔ ነኝ።"

ያን ሁሉ ዓመት በየማለዳው የነፋሁትን ጡሩምባ ኮምፒውተር ሲነፋው አላወቅሁትም። የአህያ መንጃ ነው የመሰለኝ። እነዚያ ልጆች በዚያ ድምፅ እየተነሱ ማደጋቸው እራሱ ይገርመኛል።

ዲጄው አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ዜማውን ወሰደ። ማርታ ኮምፒውተሩ ላይ "አንዴ ብቻ" የሚል ወረቀት ለጥፋበታለች። አንብቤዋለሁ። ደግሜም አንብቤዋለሁ።

እሑድ ዕለት ሕይወት ወደ ድንኳኑ ስትገባ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ለጥንቃቄ ሁለቱንም እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌያቸዋለሁ። ከበሮው ሄደ፣ ክራሩ ተከተለ፣ እንግዳው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሙሽራዋን ያያል። ጡሩምባው ተነፋ። ሕይወት እርምጃዋን ገታ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

ቀኝ እጄ ከጭኔ ሥር ወጣ፤ ተጨበጠ፤ አፌ ላይ ደረሰ፤ ጡ-ጡ-ጡሩሩ።

ደገምኩት።