ረቡዕ ወተት የጠጣው የማያ ሰው

ዛሬ እዚህ ደብረ ታቦር ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ግን መጀመሪያ ቁጭ በሉ። የቆማችሁ ትወድቃላችሁ።

የኬሚስትሪ መምህርት መሆኔን ታውቃላችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ልቦለድ ስጽፍ እንደከረምኩም ታውቃላችሁ፣ ፖስት እያደረግኩ አደንቁሬያችኋለሁና። የጥንት የመካከለኛው አሜሪካ ማያ ሕዝብ ዘመን፣ ጫካ መሀል ያለ የድንጋይ ከተማ፣ የተገደለ የቤተ መቅደስ ካህን፣ ገዳዩን የሚያሳድድ መርማሪ። አዎ፣ የምኖርበትን ፋርጣን ለቅቄ ማያ ድረስ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ በትምህርት ቤታችን ላይብረሪ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ።

አባቴም ከሐሙሲት በሚኒባስ መጡ። አባቴ ገበሬ ናቸው፣ የታወቁ የአገር ሽማግሌም ናቸው፤ የድንበር ጠብ ወይም የደም ነገር ሲነሳ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ልቦለድ ለእሳቸው ውሸት ነው። "የሌለ ሰው ታሪክ ምን ያደርጋል?" ይሉኛል። እውነቱን ልናገር፣ ሰው ሁሉ ቢያጨበጭብልኝ እሳቸው ዝም ካሉ ለእኔ ከንቱ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሥራዬን ከቁም ነገር እንዲቆጥሩልኝ ነበር የፈለግኩት።

አነበብኩ። ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ!

መርማሪው የካህኑን ቤት ይፈትሻል። አስከሬኑ አጠገብ ቅል ያገኛል። ያሸታል። ወተት! "ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የዚህ አገር ሰው ረቡዕ ወተት አይቀምስም። ይህን የጠጣው ባዕድ አገር ያደገው የንጉሡ ወንድም ብቻ ነው" ይላል። ወንድምየው ይታሰራል፣ በማግስቱ እንዲሞት ይፈረድበታል። አለቀ።

ተጨበጨበ።

አባቴ እጃቸውን አወጡ።

"ልጀ፣ እነዚህ ሰዎች ክርስቲያን ናቸው?"

"አይደሉም አባየ። ስለ ክርስትና ሰምተውም አያውቁም።"

"ታዲያ ረቡዕን ማን አስጾማቸው?"

ላይብረሪው በሳቅ ፈነዳ።

ሦስት ዓመት! ስለ ካካዎው፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ ኮከብ ቆጠራው ያላነበብኩት የለም። ጾሙን ግን ከየትም አላነበብኩትም፤ ከቤቴ ይዤው ነው የሄድኩት። ረቂቁን ያረሙልኝ ሦስት ባልደረቦቼም አላዩትም። ሦስቱም ጿሚዎች ናቸዋ!

የታሪክ መምህሩ ደግሞ ዝም ቢል ምን ነበረበት? "ላምም አልነበራቸውም እኮ" አለ፣ በትሕትና።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ላም ከሌለ ወተቱ ከየት መጣ?"

ሁለት መቶ ሰማንያ ገጽ የቆመው በዚያ ወተት ላይ ነበር።

መናኸሪያ ድረስ ስሸኛቸው አንገቴን ደፍቼ ነው። ያጽናኑኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው እቴ፣ የእኔ ነገር ትዝም አላላቸው። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ አሉና፣

"ያ ሰውየ ያለ ምስክር ነው የተፈረደበት። ሳይሞት ድረሽለት" አሉኝ።

ቤት ገብቼ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቀደድኩት። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው።

ሐሙሲት እንደገቡ ደወሉ።

"ፈታሽው?"

"ፈታሁት አባየ።"

"ጎሽ።" አሉኝ። "እና ካህኑን ማን ገደለው?"

ወገኖቼ፣ አባቴ ናቸው እንግዲህ የሌለ ሰው ሞት አሳስቧቸው የጠየቁኝ። ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ?

ችግሩ ደራሲዋ መልሱን አታውቅም። እናንተ ማንን ትጠረጥራላችሁ?