የካላክላው ሄሊኮፕተር

ሽማግሌ ልኮ የሚያውቅ ሰው ስለ ራሱ ብዙ አዲስ ነገር ይሰማል። ቁመትህ ይጨምራል፣ ግልፍተኛነትህ «ልበ ሙሉነት» ይባላል፣ ጠጅ ቤት ያመሸህበት ዘመን ሁሉ ተሰርዞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልተለየህ ልጅ ሆነህ ትወጣለህ። ይህን ማንም ውሸት አይለውም። ሽማግሌ ተብሎ ሄዶ የላከውን ሰው አሳንሶ የሚያወራ ካለ፣ እሱ ሽማግሌ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ይሁንና ማጋነንም ልክ አለው። አለው ብዬ አምን ነበር፣ ሽማግሌ አድርጌ የላክኋቸው ጋሽ መኮንን የምወዳትን እመቤትን ሊጠይቁልኝ ሄደው እኔን ሄሊኮፕተር አብራሪ አድርገውኝ እስኪመለሱ ድረስ።

እኔ ሙከይፍ ጠጋኝ ነኝ። ሙከይፍ ማለት ያ የራሰ ገለባ ተሞልቶ አየር እየነፋ የካርቱምን ቤቶች የሚያቀዘቅዘው ቆርቆሮ ሳጥን ነው። ቀን ቀን አል-ሳሃፋ ውስጥ ከጣሪያ ጣሪያ እዞራለሁ፣ ሲመሽ ካላክላ ሰፈር ከጓደኛዬ ከደስታ ጋር ወደ ተከራየናት ክፍል እገባለሁ። በሕይወቴ ከመሬት የራቅሁት የደንበኞቼ ጣሪያ ድረስ ብቻ ነው።

ጋሽ መኮንን ግን ከመሬት ተነስተው አልዋሹም። ከአንድ ደንበኛዬ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ ነበር፤ ውስጡ እውነተኛውን በረራ የሚያስመስል ጨዋታ ተጭኖበት አገኘሁ። እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ልክፍት አይያዛችሁ። አውሮፕላኑን ገና በመጀመሪያው ቀን ጠላሁት። ማኮብኮቢያ ካልተሰጠው አይነሳም፣ ካልተፈቀደለት አያርፍም፤ ፈቃድ መለመን ደግሞ ለእኔ በእግሬ ስሄድም አልቀረልኝ። ሄሊኮፕተር ግን የካላክላ ሃፍላ ማለት ነው። ሃፍላ የምንለው ሚኒባሱን ነው፤ አዲስ አበባ «ወራጅ አለ» የሚባለውን እዚህ ተሳፋሪው ጣቱን ያጮኻል፣ ሾፌሩም መሀል መንገድ ቢሆን የእጅ ፍሬኑን ስቦ ቀጥ ይላል። የትም መቆም! ከዚህ በላይ ምን ነጻነት አለ?

የትኛውን ሄሊኮፕተር እንምረጥ በሚለው ከደስታ ጋር ተጣላን። ደስታ በቀን ሥራ የሚኖር፣ ልቡ ግን ከበረሃው ማዶ የሸፈተ ወጣት ነው። ሁለት ሞተር ያለውን፣ ወታደር የሚጫንበትን ግዙፍ ወደደ። «ትልቁን ያዝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይገባበታል» አለኝና ማን የት እንደሚቀመጥ ደልድሎ ጨረሰ። በመስኮት በኩል ማን ይቀመጥ በሚለው እንኳ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተኮራርፏል። እኔ ግን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘውን፣ ፊቷ ሁሉ መስታወት የሆነችውን ትንሿን መረጥኩ። ሁለተኛዋ ወንበር ለማን እንደታሰበች አትጠይቁኝ። ደግሞም ትንሽ ነገር ይቀላል ብዬ ነበር። ትንሽ ነገር ቀላል ቢሆን ኖሮ ትንኝ በእጅ ይያዝ ነበር።

መሪውን ገዛሁ፣ የእግር መርገጫውን ከእንጨት ሠራሁ፣ ለማንሻው ደግሞ ከአንድ የተጣለ ሃፍላ የእጅ ፍሬን ነቅዬ በሽቦ አገናኘሁት። ፍሬኑን ሽቅብ ስትስበው ትነሳለች፣ ስትለቀው ትወርዳለች፣ አብዝተህ ከሳብከው ክንፎቿ ይደክሙና ዱብ ትላለች። ስትነሳ አፍንጫዋ ይዞራል፤ እሱን በእግር ስትመልስ ወደ ጎን ትንሸራተታለች፤ እሱን በቀኝ እጅ ስትይዝ ከፍታዋ ይጠፋል። አንዱን ስታባብል ሌላው ያኮርፋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የእኔ እንቁላል በየቀኑ ይሰበር ነበር። ለካ ሄሊኮፕተር ላይ ከባዱ መሄድ ሳይሆን አየር ላይ አንድ ቦታ መቆም ኖሯል። እስከ አስር እስክቆጥር ቀጥ አድርጌ ያቆምኳት ቀን ዘልዬ ደስታን አቀፍኩት፣ ሳምኩትም። ከዚያ ዘወር ብል እግሯ ወደ ላይ፣ ክንፏ ወደ ታች ሆኗል። ግድ የለኝም፤ ሌሊቱን ሙሉ በሕልሜ ቆሜ ነው ያደርኩት።

እንግዲህ ጋሽ መኮንን ቤታችን ብቅ ሲሉ ይህን ፈንጠዝያዬን አይተዋል። ስለዚህ የእመቤት አባት ጋሽ አስፋው «የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» ሲሏቸው፣ ሙከይፍ የሚለው ቃል ጉሮሯቸው ላይ ቀረና «ሄሊኮፕተር ያበራል» አሉ።

ጋሽ አስፋው ሳጃና ሰፈር ውስጥ ቅመም ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን የዳሩለት ሰው ሠርጉ ሦስት ወር ሳይሞላው በበረሃው በኩል ወደ ሰሜን ሄደ። ዛሬም ይደውላል፣ ዛሬም «ትንሽ ጠብቁኝ» ይላል፣ ልጅቷም ትጠብቃለች። ከዚያ ወዲህ ጋሽ አስፋው ከአማች የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የማይሄድ። እናም ጋሽ መኮንንን «በእግሩ የሄደው አልተመለሰ፣ ይሄማ ክንፍ አለው» አሏቸው። ቢሆንም በሩን አልዘጉም፤ በሚቀጥለው ዓርብ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ አሉ።

ጉዴን ተመልከቱ። ሄሊኮፕተሩ ውሸት ከሆነ ዋሾ ነኝ፣ እውነት ከሆነ ሂያጅ ነኝ። እመቤት ደወለችልኝ። ካርቱም ያደገች ልጅ ናት፤ ስትጨነቅ አማርኛዋ ይሸሻታል።

«ወላሂ አባዬ ሊመጣ ነው። አንተ ብቻ ሻተር አትሁን፣ ብልጣብልጥነቱ ይቅርብህ፣ ኸላስ፣ የተባልከውን አድርግ።»

ዓርብ ከሰዓት ጋሽ አስፋው ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው፣ ጋሽ መኮንንን አስከትለው መጡ። መጀመሪያ ግቢውን ቃኙ፣ ቀጥሎ ጣሪያውን።

«የት ነው ያቆምከው?»

«ውስጥ ነው ጋሼ።»

ገብተው ኮምፒውተሩን፣ የእንጨት መርገጫዬንና የሃፍላውን ፍሬን ሲያዩ ጋሽ መኮንንን ገላመጧቸው። ጋሽ መኮንን ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ጋሽ አስፋው የገመድ አልጋዬ ላይ ከኋላዬ ተቀመጡና «ያላ፣ አስነሳው» አሉኝ።

አስነሳኋት። ከፍርሃት የተነሳ ጣቴን ማንቀሳቀስ አቅቶኝ ስለነበር፣ በታሪኬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሿ ሄሊኮፕተር ከካላክላ በላይ ዝም ብላ ቆመች። እስከ መቶ ቆጠርኩ። ደስታ በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

«አይሄድም እንዴ?» አሉ ጋሽ አስፋው።

«ይሄዳል ጋሼ፤ ማቆሙ ነው የሚከብደው።»

ምን ነበረበት እዚያ ላይ ብተወው! ልቤ ግን በኩራት አበጠች። መሪውን ወደፊት ገፋሁት። ካላክላ ከሥሬ ሸሸች፣ ነጭ አባይ ሰፍቶ መጣ፣ ማዶው ታየ። ውሃው ላይ ገባሁ። ከኋላዬ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቀጥሎ፦ ቀጭ! ጋሽ አስፋው ጣታቸውን አጮኹ።

ያን ያህል ዓመት በሃፍላ የተመላለሰ ሰው ምን ያደርጋል? ወራጅ አለ። የእጅ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ሽቅብ ጎተትኩት። ትንሿ ሄሊኮፕተር ወደ ሰማይ ተስፈነጠረች፣ አንዴ ዞረች፣ ክንፏ ደከመና ነጭ አባይ ውስጥ ዱብ አለች።

እኔ ወደ ኋላዬ መዞር ፈራሁ፤ እመቤት እዚያ ውሃ ውስጥ አብራኝ የሰጠመች መሰለኝ። ከዚያ ጋሽ አስፋው ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ንግግራቸው ግን ለጋሽ መኮንን ነበር።

«ያንኛውን አማቼን ስንት ጊዜ ቁም አልኩት። አልሰማም። ይሄ ሰማይ ላይ ሆኖ በጣት ቆመ።»

«ወድቋል እኮ» አሉ ጋሽ መኮንን፣ በዚያች ቀን ብቻ እውነት መናገር አምሯቸው።

«መውደቁን እሱ ይወቀው። እኔ መቆሙን ነው ያየሁት። ቀን ቁረጡ።»

ሰው በሙያው ይዳራል፤ እኔ በመውደቄ ተዳርኩ። ከሠርጋችን በኋላ ነጭ አባይን መሻገር በደንብ ተምሬያለሁ። እመቤትን አጠገቤ አስቀምጬ ኦምዱርማን ደርሰን፣ የሰው ቤት ጣሪያ ላይ አርፈን፣ ሙከይፋቸውን አምተን እንመለሳለን። ዓርብ ዓርብ ግን ጋሽ አስፋው ይመጣሉ። የገመድ አልጋው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሻይ ይቀርብላቸዋል፣ ልክ ወንዙ መሀል ስደርስ ጣታቸውን ያጮኻሉ። እኔም ፍሬኑን ሽቅብ ስቤ ውሃው ውስጥ እጨምራታለሁ።

«ቆመ» ይሏታል ለእመቤት፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ።