እማዬ የነዳችው ቤት

ይህን ወግ እስከ መጨረሻው አንብቦ «ጊዜዬ ባከነ» የሚለኝ ካለ፣ በእረፍት ቀኔ መጥቼ ደጁ ላይ ያለውን በረዶ እጠርግለታለሁ። እኔ በምኖርባት የአሜሪካ ከተማ፣ ኮሎምበስ ላይ፣ ይህ ቀልድ አይደለም።

እዚህ ቫኬሽን ሲባል ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሻንጣ አስጨንቆ አገር ቤት መሄድ፣ ወይ በሌላ ሰው ሽፍት፣ በሌላ ሰው የሥራ ተራ፣ መግባት። ከዚህ የወጣ ይታማል። እኔም ኦቤትስ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ የምሠራ፣ የማውቀውን ሁሉ ከቪዲዮ የለቀምኩ ልጅ፣ እናቴን በሚያዝያ ደቡብ ስፔን ወስጄ በሞተርሆም ባሕር ባሕሩን አዞራታለሁ ስል ታማሁ። (ሞተርሆም አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው መኪና ነው። ቆሻሻ ውኃው የት እንደሚደፋም ላስረዳችሁ እችል ነበር፤ ይቅር።) የቤተ ክርስቲያናችን እትዬ አልማዝ፣ ሰው መኪና ውስጥ የሚያድረው ሬንት ሲያቅተው ነው አሉ። እልህ ያዘኝ።

እማዬ ዋይትሆል በሚባለው ሰፈር ቤት ለቤት እየሄደች አረጋውያን ትንከባከባለች። አሜሪካ ከገባን ወዲህ ያረፈችበትን ቀን አላስታውስም። አንድ ሳምንት እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ ማየት ነበር ምኞቴ፤ ሌላ ምንም።

ከማላጋ ተነሥተን በዝግታ ወደ ምሥራቅ ሄድን። የመንገዱ ዳር ቢጫ አበባ ለብሷል፣ ባሕሩ በስተቀኝ ያብረቀርቃል፤ እማዬ የመኪናውን ወለል ትወለውላለች። ሞተርሆሞች የሚያድሩበት ግቢ ስንደርስ ደግሞ ባሰ። ጎረቤቶቻችን ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ጡረተኞች ናቸው፤ ለእናቴ ሽበት ማለት ሥራ ነው። የአንዱን ጫማ ክር አሰረች፣ ለሌላው ወንበር አቀረበች። እኔ «እማዬ፣ ክሎክ አውት አድርገሻል እኮ፣ ሥራ አብቅቷል» እያልኩ ከኋላ እከተላለሁ። በመጨረሻ አንዲት ሆላንዳዊት ባልቴት ከመኪናቸው ሲወርዱ እማዬ ሮጣ ብብታቸውን ያዘች።

ሴትዮዋ በትሕትና እጃቸውን አላቀቁ። እማዬ ከማን ጋር እንደመጡ ጠየቀቻቸው። ብቻቸውን። ማን ይነዳላቸዋል? ራሳቸው። በዚህ ዕድሜ ምን ፈልገው? ወደ ባሕሩ አመለከቱ፤ ጥያቄው ራሱ የገባቸው አልመሰለኝም።

እማዬ ተመልሳ ደረጃችን ላይ ተቀመጠች። መወልወያውን አላነሣችም። እስከዚያ የምታውቃቸው አሮጊቶች ሁሉ አልጋ ላይ ነበሩ፤ እርጅና ሌላ አድራሻ እንዳለው ያየችው ያን ቀን ይመስለኛል።

በማግስቱ ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። ማኑዋል ነው፤ ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚለቀቅ በቃሌ አውቃለሁ፣ እግሬ ግን አያውቅም። ከኋላችን ጥሩምባው ቀለጠ። ድሮ አዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ለነዳችው እናቴ የፍሪሲዮንን አሠራር ማስረዳት ጀመርኩ።

«ውረድ» አለችኝ።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ የመጣሽው ልታርፊ...»

«እያረፍኩ ነው። ውረድ።»

የቀረውን መንገድ ሁሉ፣ እንደ ንግሥት እየተዝናናች፣ እሷ ነዳች። ወለሉን እኔ ወለወልኩ።

ስንመለስ እትዬ አልማዝ ከጸሎት በኋላ እማዬን ጠብቀው፣ እውነት መኪና ውስጥ አደርሽ ወይ አሏት።

«አድሬያለሁ፣ እትዬ። ጠዋት በሩን ስከፍተው ባሕር ነው። የእርስዎስ በር ላይ ምን አለ?»

እሳቸው በር ላይ የአፓርታማው ፓርኪንግ ነው ያለው።

ስለዚህ ኦቨርታይሙን ተዉትና ሂዱ። ትታማላችሁ፤ ታሙ። እናታችሁንም ውሰዷት። ቁልፉን ግን ዳገቱ ሳይመጣ ስጧት።