የማይነሳ ስልክ

ስልክ ካልተነሳ ሰው ሞቷል ብሎ የሚያምን ሰው አታውቁም? እኔ አውቃለሁ፤ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ስልክ ሰውን ያቀራርባል ይባላል፤ እኔ ግን ያስጨንቃል ባይ ነኝ።

ባለፈው ቂሊንጦ ፋብሪካ የምትሠራው ልጃቸው ሄለን ስልክ አላነሳ አለቻቸው። በሬን እየደበደቡ፣ «ልጄን አንድ ነገር አግኝቷታል፤ ተነስ!» አሉኝ። በነጠላ ጫማ ተከተልኳቸው። ሚኒባስ ውስጥ እሳቸው ሲደውሉ የእኔም ልብ ድው ድው ይል ጀመር። ፍርሃት ይጋባል እንዴ?

የፋብሪካው ጥበቃ ሄለንን አስጠራልን። ፊቷ አመድ መስሎ እየሮጠች መጣች።

«አባዬ፣ ማን ሞተ?»

«አንቺ ነሻ!» ብለው አቅፈዋት አለቀሱ።

«ሥራ ላይ ስልክ ይሰበሰባል ብዬህ አልነበር?»

ገላን ኮንዶሚኒየም ስንመለስ ባለቤቴ ጎረቤት ሰብስባ ታለቅሳለች። ለካ ከገበያ ስትገባ ቤቱ ክፍት፣ ስልኬ ሶፋ ላይ፣ እኔ የለሁም።