ለቀለሙ ሲል የመጣው ሰው

ለቀለም ስም ማውጣት የእኛ የመንዞች ሙያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በግ የሚያረባ ሰው የቀለም ስም ካላወቀ በምን ይኖራል? ገብስማ አለ፣ ዳማ አለ፣ ቡላ አለ፣ ዳልቻ አለ። በጉ የጠፋበት ሰው መጥቶ "ቡናማ በግ አይታችኋል?" ቢለን፣ በጉን ትተን የሰውየውን አገር ነው የምንጠይቀው። ለካ አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ከእኛም ብሰዋል።

አባቴ በጉብዝናቸው ወራት የአንድ ባላባት ሹፌር ነበሩ። ባላባቱ ሲሞቱ የጀርመን መኪናቸውን ለአባቴ ተናዘዙላቸው። ያቺ ስንት ሹም የቀናባት መኪና እኛ ከተማ መሐል ሜዳ መጥታ ጭድ ቤት ገባች፤ ሞተሯ ዝም ካለ ዘመን ሆነው። አባቴ "ዳልቻዋ" ነው የሚሏት፣ ልክ እንደ አመድማ በቅሎ። ዘንድሮ ግን ሊሸጧት ቆረጡ። የደብራችን ጣሪያ ዝጎ ዝናቡ ቀዳሹ ራስ ላይ ይወርዳል፤ አባቴም ክረምት ሳይገባ ዳልቻዋን ሸጬ ቆርቆሮውን አስለውጣለሁ ብለው ተስለዋል። አባቴና ስለት ደግሞ አይቀላለዱም።

ገዢ ፈልግ ተባልኩና፣ ከምኖርበት ከደብረ ብርሃን ፎቶዋን በስልክ በተንኩት። ከአዲስ አበባ አንድ ኢንጂነር ደወለ፤ አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ነው። ስለ ሞተሯ አልጠየቀኝም፣ ስለ ጎማዋም አልጠየቀኝም፤ ስለ ቀለሟ ብቻ ጆሮዬ እስኪግል አወራኝ። ለካ የእኛ ዳልቻ በፋብሪካው መዝገብ "የማለዳ ጉም" ተብላ ነው የተጻፈችው። በዚህ ቀለም የተሠሩት ጥቂት ናቸው፤ ከነፋብሪካ ቅቧ የቆየች ደግሞ እሱ አይቶ አያውቅም። እኛ ክረምቱን ሙሉ በነፃ የምንለብሰውን ጉም ሰው ስም አውጥቶለት መኪና ይቀባበታል? ገረመኝ፤ ግን ሊገዛ ከመጣ ሰው ጋር ማን ይከራከራል።

ወዲያው ለአባቴ ደወልኩና፣ ሰውየው የሚመጣው ለቀለሙ ሲል ነው አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይህን ነው፤ እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ በደስታ ምሳዬን በላሁ።

ቅዳሜ ኢንጂነሩን ይዤ መሐል ሜዳ ገባሁ። ዳልቻዋ ከጭድ ቤት ወጥታ ደጅ ቆማለች። ዳልቻዋ ልበል እንጂ ዳልቻ የሚባል ነገር አልቀረላትም። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አረንጓዴ ናት፤ ያውም የደብሩ አጥር የተቀባበት አረንጓዴ። የብሩሽ ፀጉር እዚህም እዚያም ተጣብቆባታል። ክው አልኩ። ኢንጂነሩን ቀና ብዬ ለማየት ድፍረት አጣሁ፤ ሳየው ደግሞ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

አባቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በአረንጓዴ እጃቸው እንግዳውን ሊጨብጡ መጡ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ አባባ ምን ሠሩ? አልኳቸው። እሳቸውም ረጋ ብለው፣ ለቀለሙ ነው የሚመጣ ያልከኝ አንተው አይደለህም ወይ? ለቀለም ብሎ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ሰው ገርጥቶ ቢያገኘው ምን ይለናል? አሉኝ። በእኛ ዘንድ የከበረ እንግዳ ሲመጣ ግድግዳ ይለቀለቃል፤ ሳይለቀለቅ የሚጠበቅ እንግዳ የተናቀ ነው። ግርጣት ለማየት አገር የሚያቋርጥ ሰው መኖሩን ማን ነግሯቸው።

ኢንጂነሩ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከውስጥ እንኳ ተርፎ እንደሆነ ብሎ ኮፈኑን አነሳ፤ አረንጓዴ። በሮቹን ከፈተ፤ አረንጓዴ። አባቴ ከጎኑ ቆመው፣ እኔ ሥራ ጀምሬ አላጎድልም ይሉታል። እኔ የሚታየኝ የደብሩ ጣሪያ ነው። ክረምቱ ደርሷል፣ ሌላ የሚሸጥ ነገር የለንም።

በመጨረሻ ኢንጂነሩ ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፋ። አባቴ ገዢው እንዳያመልጣቸው፣ ስለታቸውም እንዳይቀር፣ ጎንበስ ብለው እንዲህ አሉት፦ ገብቶኛል ጌታዬ፣ አንድ እጅ ብቻ ስለቀባኋት ነው ያላማረዎት፤ ለቤተ ክርስቲያኑ በር ብለን ያስቀመጥናት አንድ ጣሳ ቀለም አለች፣ ምሳዎን በልተው እስኪጨርሱ ሁለተኛውን እጅ እደርብባታለሁ።