ማልቀስ የጨረሰችው ልጄ

ልጁን ከዕድሜው ቀድሞ የሚያስተምር ወላጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ከሁለተኛ ክፍል የቀረሁ ስለሆንኩ ልጄ ሂክማ እንደኔ እንዳትሆን ፈራሁ። በአራት ዓመቷ ማንበብና ልብስ ማጠፍ አስተማርኳት። እንግዳ ሲመጣ «ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል?» ትላለች። ስታለቅስ ደግሞ «ትልቅ ሰው አያለቅስም» እላታለሁ። ታዲያ ጎበዝ እናት አይደለሁም?

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ድሬ በሙቀት ተኝታ የባጃጅ ድምፅ እንኳ በጠፋበት ሰዓት፣ ብንን ስል ሂክማ ራስጌዬ ቆማ ታየኛለች። በር የጨፈለቀው ጣቷ ደም ያንጠባጥባል። ፊቷ ግን ጭጭ ብሏል።

«መቼ ነው?»

«ቅድም። ተኝተሽ ስለነበር አልረበሽኩሽም።»

«አላመመሽም?»

«ማልቀስ ጨርሻለሁ፣ እማዬ።»

ወላሂ፣ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ።

ጎረቤቴ ዘሃራ ስትሰማ «አቦ፣ አሮጊት ነው እንዴ የወለድሽው?» ብላ ወስዳ አሸዋ ላይ ከሚጫወቱ ልጆቿ መሃል አስቀመጠቻት። ሂክማ ሦስት ቀን እጇን አጣምራ አየቻቸው። በአራተኛው ቀን አንዱ አሸዋ በተነባት። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ደጃፍ ቆሜ ወደማያት ወደኔ ዞረች።

«አልቅሺ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ጮኸች። እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት። ሰፈሩ ሰርግ መስሎት ወጣ።